ስድብ በሰዋስው ውስጥ፦ ጸያፍ ቃል በአማርኛ ልብ ወለድ የሚሠራበትና የማይሠራበት መንገድ

1. ጥያቄው

የአማርኛ ልብ ወለድ ሒስ ስለ ጸያፍ ቃል ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል። ደራሲው ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ደፋር ነው። የመጀመሪያው ወገን ሥነ ምግባርን፣ ሁለተኛው ነጻነትን ይጠራል። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ መስለው ቢታዩም መለኪያቸው አንድ ነው፦ ሁለቱም ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ነቅለው፣ እንደ እንክርዳድ ከስንዴው ለቅመው ይቆጥሩታል። ብዙ ከተገኘ መጽሐፉ ብልግና ወይም ድፍረት አለበት፤ ካልተገኘ ጨዋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ አቆጣጠር ለአማርኛ አይሠራም የሚል ነው። በአማርኛ ሰውን ማዋረጃው ትልቁ መሣሪያ በመዝገበ ቃላት ገጾች ላይ አይገኝም፤ በተውላጠ ስምና በግሥ እርባታ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድም ነውር ቃል የሌለበት ልብ ወለድ አንዱን ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ሲያዋርድ ሊዘልቅ ይችላል፤ ነውር ቃል የሞላበት ልብ ወለድም ማንንም ሳይሰድብ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ሳይለይ የሚፈርድ ኀያሲ በሌላ ቋንቋ ሕግ ይፈርዳል።

ጉዳዩ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የቋንቋ መዛግብትን የምናሰናዳ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ስንገለብጥ፣ ተረት ስንሰበስብ፣ ለመዝገበ ቃላት ምሳሌ ስንመርጥ፣ ሰው ሲሰዳደብ የሚናገረውን ብዙውን ጊዜ እንዘለዋለን። ተናጋሪዎችም መቅረጫው ፊት ሲቀርቡ አንደበታቸውን ይገራሉ። ስለሆነም ቁጣ በአማርኛ እንዴት እንደሚዋቀር የሚያሳየን የጽሑፍ ምስክር በአመዛኙ ልብ ወለድ ነው። ምስክሩ ሐሰተኛ ከሆነ የምንገነባውም ሰዋስው ጎዶሎ ይሆናል።

2. በአንድ ጆንያ የማይገቡ ነገሮች

እንግሊዝኛ በአንድ ስም ጠቅልሎ የሚጠራቸውን የነውር ንግግር ዓይነቶች አማርኛ ለየብቻ ሰይሟቸዋል። «ስድብ» ሰውን በፊቱ የሚመታ ቃል ነው። «እርግማን» ክፉ ነገር በሌላ ኃይል እጅ እንዲደርስበት መመኘት ነው። «ብልግና» ስለ ገላና ስለ ፆታ ግንኙነት ያለ መሸፈኛ መናገር ነው። «ዘለፋ» የበላይ ወይም እኩያ ሰው ጥፋትን እየጠቀሰ የሚሰነዝረው ነቀፌታ ነው። «አሽሙር» እና «አግቦ» ስድቡን ለሦስተኛ ሰው የተነገረ አስመስለው ለተቀመጠው ሰው ያደርሳሉ። «መሐላ» ደግሞ ቅዱስን ስም ወይም የሚወዱትን ሰው ሕይወት ለነገር ማጽኛ ያቀርባል፤ «እናቴ ትሙት» የሚል ሰው እናቱን አልረገመም።

ስቲቨን ፒንከር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ጸያፍ ቃል የሚያገለግልባቸውን አምስት ተግባሮች ለይቷል፦ ነገርን ለመግለጽ፣ በፈሊጥነት፣ ሰውን ለማጥቃት፣ ንግግርን ለማጽናት፣ የራስን ሕመም ወይም ድንጋጤ ለማስተንፈስ። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ አምስቱ ቦታዎች በአንድ ዓይነት ቃል አይሞሉም። ጉልበቱን ከጠረጴዛ ጋር ያጋጨ አማርኛ ተናጋሪ የሚጮኸው «ወይኔ!»፣ «እናቴን!»፣ «በስመ አብ!» ብሎ ነው። የማስተንፈሻውን ቦታ የያዙት የተማጽኖ ቃላት ናቸው። የማጽኛውንም ቦታ በአብዛኛው መሐላ ይዞታል። ለነውር ቃል በዋናነት የቀሩት ሁለት ቦታዎች ማጥቃትና መግለጽ ናቸው።

ይህን ልዩነት ችላ ማለት በትርጉም ልብ ወለዶችና በእነርሱ ጥላ ሥር በተጻፉ የወንጀል ታሪኮች ላይ ጎልቶ ይታያል። መርማሪው መኪናው አልነሣ ሲለው «የተረገመ!» ይላል። አንባቢው ይህን ሲያነብ መርማሪው የት እንዳለ ያውቃል፤ ከእንግሊዝኛ ገና እንዳልወጣ ያውቃል። «የተረገመ» በአማርኛ ቅጽል ነው፤ ማን እንደረገመውና ለምን እንደተረገመ የሚጠይቅ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የአነጋገር ክብደት ያልተላቀቀ ቃል ነው። ብቻውን ቆሞ እንደ ሳል ከአፍ አይወጣም። ደራሲው እዚህ ላይ የመረጠው ቃል ጸያፍ መሆን አለመሆኑ ችግር አልነበረም። ቃሉ የተቀመጠበት ቦታ በአማርኛ ባለቤት እንዳለው አላስተዋለም።

3. አንቱታና አንተታ

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረቡት የታወቀ ጥናት፣ በበርካታ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሁለት ዓይነት የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም መኖሩ የሥልጣንንና የመቀራረብን መስመር እንደሚያሳይ ጽፈዋል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ስሞች አሉት፤ «አንቱታ» እና «አንተታ» የተባሉት ቃላት ከሊቃውንት ጽሑፍ የመጡ አይደሉም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። የተከበረ ሰው «አንቱ የተባለ» ይባላል። ይህ ማለት ተናጋሪው ማኅበረሰብ ሰዋስውን ራሱን የክብር መለኪያ አድርጎ ሰይሞታል ማለት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያበጀሁትን ምሳሌ እንመልከት። አንድ ገበሬ ለባለርስቱ ዕድሜውን ሙሉ «ይቀመጡ ጌታዬ» ሲል ኖሯል። አንድ ቀን በሸንጎ ፊት «ተቀመጥ» ይለዋል። በዚህ ቃል ውስጥ መዝገበ ቃላት «ስድብ» ብሎ የሚመዘግበው ነገር የለም። ግን ሸንጎው ጸጥ ይላል፤ ባለርስቱም ሽጉጡን ሊዳስስ ይችላል። «አንተ ውሻ» ቢለው ኖሮ ስድቡ ይቀልል ነበር፤ ምክንያቱም ቁጣ ያመጣው ቃል ነው ተብሎ ሽማግሌ ሊያስታርቀው ይችላል። «ተቀመጥ» ግን ቁጣ አይደለም። ሥርዓቱ አበቃ የሚል መግለጫ ነው።

ተቃራኒውም ይሠራል። እናት ለአሥር ዓመት ልጇ «እርስዎ ደግሞ ምን ይታዘዙ?» ብትለው ልጁ የጠፋውን ያውቃል። አንቱታ ከማይገባበት ሲገባ አለንጋ ነው።

ከቁጥር ቀጥሎ ጾታ አለ። ወንድን «አንቺ» ብሎ መጥራት፣ «ነይ» እና «ሂጂ» ማለት፣ እንደ አውዱ ከጨዋታ እስከ ደም ማፋሰስ ይደርሳል። ሴት ልጅን «አንተ» ብሎ መጥራት ግን ብዙውን ጊዜ ማቆላመጥ ነው። ይህ ያለመመጣጠን ራሱ የማኅበረሰቡን ፍርድ ይናገራል፤ ወደ ወንድ መሻገር ሹመት፣ ወደ ሴት መሻገር ሽረት ሆኗል። አንስታይ ጾታ በአማርኛ የማሳነሻ ተግባርም ስላለው፣ አንድ ወታደር ስለ ወንድ አለቃው «ይቺ ሻለቃ ምን ትላለች?» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ያሳንሰዋል፣ ጾታውንም ይነጥቀዋል። ከነውር ቃል አንድም አልተጠቀመም።

የአካባቢያችን ሌሎች ቋንቋዎች ተመሳሳዩን ሥራ በሌላ መሣሪያ ይሠሩታል። ስዋሂሊ ሰው ማለት የሆነውን «ምቱ» ከሰዎች የስም ክፍል አውጥቶ «ጂቱ» ወይም «ኪጂቱ» ሲያደርገው ሰውየው ወደ ግዙፍና አስቀያሚ ወይም ወደ ኢምንት ነገር ይለወጣል። የስም ክፍል ያላቸው ቋንቋዎች በስም ክፍል፣ ጾታና የአክብሮት ቁጥር ያላቸው ቋንቋዎች በጾታና በቁጥር ይሳደባሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው የስድቡን ቃል ተርጉሞ ሰዋስዉን ከተወ፣ የስድቡን ግማሽ በመንገድ ጥሎታል።

4. የሚካድና የማይካድ

በቃላት ደረጃ ያለው ስድብም ቢሆን ጉልበቱን የሚያገኘው ከአገባብ ነው። «አህያ» የሚለውን ተራ ቃል በሦስት ቦታ እናስቀምጠው። «አንተ አህያ ነህ»፤ «አንተ አህያ!»፤ «ይሄ አህያ»። የመጀመሪያው ሐተታ ነው። የተሰደበው ሰው «አይደለሁም» ሊል፣ ማስረጃ ሊጠይቅ፣ ክርክር ሊከፍት ይችላል። ሁለተኛው ጥሪ ነው፤ አህያነቱን ቀድሞ የተረጋገጠ ነገር አድርጎ ይጠራዋል። «አይደለሁም» የሚለው መልስ እዚህ አይገጥምም፤ የሚገጥመው ወይ ዝምታ ወይ እጅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው እፊት ቆሞ ሳለ ከንግግሩ አስወጥቶ ለሌሎች ያሳየዋል። የሚያሳዩት ዕቃ ሆኗል፤ መልስ የመስጠት መብቱን አጥቷል።

ስለዚህ ጥሩ የጠብ ምልልስ ደረጃ አለው። ከሚካደው ወደማይካደው፣ ከማይካደው ወደ ሦስተኛ መደብ ይወጣል። ደካማ የጠብ ምልልስ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የከበዱ ቃላትን ይደረድራል፤ ቃላቱ ይከብዳሉ፣ ጠቡ ግን አይንቀሳቀስም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ምሳሌያዊ ንግግር ለደራሲም ምክር ነው፦ አንዴ አፋፍ ላይ የወጣ ምልልስ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ቦታ የለውም።

«ሰውዬ» እና «ሴትዮ» የሚሉት ቃላት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ስለ ሌላ ሰው ሲወራ ብዙም ጉዳት የላቸውም። ለመጥሪያ ሲውሉ ግን ስሙን የሚያውቁትን ሰው ስሙን ይነጥቁታል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ያሉበትን ልብ ወለድ እናስብ። ታናሽየው የመኪናው ጎማ ሲተነፍስ «ሺት» ይላል፤ ቃሉ በአፉ ውስጥ ክብደት የለውም። ዣን ማርክ ዴዋሌ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ነውር ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚከብዳቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መሆኑን አሳይቷል። ያው ታናሽ ወንድም ስለ አባታቸው ቤት ሽያጭ በተነሣ ክርክር ታላቁን «ስማ፣ ሰውዬ» ሲለው ግን አንባቢው ዝምድናው እንደተቆረጠ ይሰማል። እንግሊዝኛውን ስድብ በፊደል ጽፎ ገጹን መሙላት የስደትን ኑሮ አያሳይም። የሚያሳየው ገጸ ባሕርዩ መቼ ወደ አማርኛ እንደሚመለስ ነው።

5. የተራኪው እጅ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገጸ ባሕርያት አፍ ነው። የአማርኛ ተራኪ ግን ራሱ ነጻ አይደለም። ሦስተኛ መደብም አንቱታና አንተታ አለው፤ «መጣ» እና «መጡ» መካከል ገለልተኛ ቅጽ የለም። ተራኪው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ማን እንደሚከበርና ማን እንደማይከበር ይወስናል፤ አለመወሰን አይችልም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመና በብዙ አንባቢ ዘንድ የጨዋ አማርኛ ምሳሌ ተደርጎ የሚታይ መጽሐፍ ነው። ተራኪው ፊታውራሪ መሸሻን በአንቱታ፣ በዛብህን በአንተታ ይተርካል። መጽሐፉ የሚያወግዘው በዘርና በአጥንት ሰውን የመለየት ሥርዓት በራሱ የትረካ ግሥ ውስጥ ይተነፍሳል። ይህን እንደ ጉድለት አላነሣውም። እንዲያውም የመጽሐፉ ኀይል ከዚህ ይመነጫል ባይ ነኝ፦ ተራኪው የሥርዓቱን ሰዋስው እየጠበቀ፣ በዚያው ሰዋስው ሥርዓቱን ያስፈርድበታል። ፊታውራሪው በአንቱታ ተጠርተው በድርጊታቸው ይቀልላሉ። በደርዘን የሚቆጠሩ የስድብ ቃላት ይህን ምፀት ሊያመጡት አይችሉም ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የካሳ ዳምጤ ቅጽል ስም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። «ጉዱ» የሚለው ቃል ነውር፣ መሳለቂያ፣ ያልተለመደ ነገር የሚሉትን ትርጉሞች ይዞ ከሰውየው ስም ፊት ቆሟል። መንደሩ የሰጠውን ስድብ ተራኪው ተቀብሎታል፤ ኀያሲውም፣ አንባቢውም «ጉዱ ካሳ» ይላል። ስድቡ በመደጋገም ስም ሆነ፤ መጽሐፉን ለሚያነብ ሰው ግን የሰደበውን መንደር የሚያሳፍር ስም ሆነ። አንድ ቃል በአንድ መጽሐፍ ርዝመት ውስጥ ባለቤቱን ሲቀይር ማየት ብርቅ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የአገባብ ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ካሳ ጀግና ነኝ ይላል» ስንል «ነኝ» የሚያመለክተው ካሳን እንጂ ተናጋሪውን ላይሆን ይችላል። ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ መደብ አመልካቾች ትርጉም ባነሣው ሙግት ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ ያደረገው ይህንኑ የአማርኛ ባሕርይ ነው። የንድፈ ሐሳቡን ክርክር ለባለሙያዎቹ ትተን፣ ለልብ ወለድ ያለውን ትርፍ እንመልከት። «ይህን ሌባ ላሳየው ነው ይላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲጻፍ «ሌባ» ያለው ማን ነው? ድምፁ የተራኪው፣ ቃሉ የገጸ ባሕርዩ ነው። «ይላል» እና «ብሎ» የሌላውን ሰው ስድብ ሳይወርሱ ለማሰማት ቋንቋው ያዘጋጃቸው በሮች ናቸው። በዘመናዊ ኅትመት ትእምርተ ጥቅሱ በየቦታው ሲገባ ይህ በር ይዘጋል፤ ተጠያቂው ይለያል፣ አሻሚነቱ ግን ይሞታል። አርታዒ ይህን ሲያደርግ የሚያርመው ሥርዓተ ነጥብ ብቻ እንዳልሆነ ቢያውቅ መልካም ነው።

6. ቅጥያው የሚሠራው

ደራሲ አዲስ ስድብ ሊፈጥር ሲፈልግ አማርኛ አይነፍገውም። «-ኣም» የተባለው ድኅረ ቅጥያ ከ«ሀብት» «ሀብታም»ን፣ ከ«ቀንድ» «ቀንዳም»ን ያወጣል፤ እነዚህ ስድብ አይደሉም። ይኸው ቅጥያ ከ«ቅማል» «ቅማላም»ን፣ ከ«ንፍጥ» «ንፍጣም»ን፣ ከ«ሽንት» ፈሪን የሚያመለክተውን «ሽንታም»ን ያወጣል። «ሆዳም» ደግሞ ምግብ ከሚወድ ሰው ተነሥቶ፣ ለጥቅም የተሸጠን ሰው መስደቢያ እስከመሆን ሄዷል። የቅጥያው ተግባር አንድን ነገር ከሰውየው ጋር ማጣበቅና ያ ነገር ከልክ በላይ እንደበዛበት መናገር ነው። ስለዚህ ማኅተም ሳይመታ የማይንቀሳቀስን ሹም «ማኅተማም» ብንለው፣ ቃሉ በየትም መዝገበ ቃላት ባይኖርም አንባቢው ይስቃል፤ ስድብ መሆኑን ለማወቅ አንዲት ቅጽበት አይፈጅበትም። ደራሲ ከመንገድ ከለቀመው ያረጀ ነውር ቃል ይልቅ እንዲህ ያለው ትኩስ ቃል ብዙ ይሠራለታል።

እርግማንም የራሱ ሰዋስው አለው። «በሩ ይከፈትልህ» እና «በሩ ይዘጋብህ» በአንድ የግሥ አንቀጽ የተዋቀሩ ናቸው፤ የሚለያዩት በግሡና በ«-ል-» እና «-ብ-» ነው። ምርቃትና እርግማን መንታ ናቸው። ይህን ያወቀ ደራሲ አያት ሲመርቁ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር በመጨረሻዋ ፊደል ላይ ወደ እርግማን ሊያዞር ይችላል፤ አንባቢውም ከግሡ መድረሻ በፊት የትኛው እንደሚመጣ አያውቅም። ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጣበት ቋንቋ ለእርግማን የሰጠው ስጦታ ይህ ነው።

7. ውቤ በረሃና ሦስቱ ነጥቦች

የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በዚህ ርእስ ሳይነሣ የማይታለፍ ሥራ ነው። በውቤ በረሃ የሌሊት ኑሮ ላይ የተጻፈው ይህ ልብ ወለድ ለረጅም ዓመታት ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ተነቧል፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ተቃዋሚዎቹም ደጋፊዎቹም ስለ ቃላቱ ብዙ ብለዋል። ያልተባለው፣ እነዚህ ቃላት በአመዛኙ ስድብ አለመሆናቸው ነው። በፒንከር ክፍፍል ከሄድን ቦታቸው መግለጽ ነው። በዚያ ሰፈር ሌሊቱን የሚያነጉ ሴቶችና ደንበኞቻቸው የገላን ነገር በስሙ የሚጠሩት ልብስ ሰፊ መርፌን በስሙ እንደሚጠራ ነው። የሥራ ቋንቋ ነው። ቃሉ የሚያስደነግጠው አንባቢውን እንጂ ገጸ ባሕርያቱን አይደለም፤ የመጽሐፉ ሥነ ምግባራዊ ጥያቄም ከዚህ ክፍተት ይነሣል፦ ለእነርሱ ተራ የሆነው ለእኛ ለምን ነውር ሆነ?

የስብሐት ተከታዮች የወሰዱት ቃላቱን ነው፤ ሰፈሩን ትተውታል። ነውሩ ማንም በማይሠራበት፣ ማንም በማይኖርበት ገጽ ላይ ሲበተን ደራሲው ራሱ አንባቢውን ለማስደንገጥ የሚናገረው ይሆናል። በባህላችን ለነውር ንግግር ፈቃድ የሚሰጥ አጋጣሚ አለ፤ በሠርግ ሚዜዎች በዘፈን ይነቀፋሉ፣ ለሆያ ሆዬ የወጡ ልጆች ሙልሙል የነፈገውን ቤት ይሸነቁጣሉ። ኦኮት ፒቢቴክ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝኛ፣ በ1969 በአቾሊ ባሳተመው ረጅም ግጥም ላዊኖ ባሏንና ጣውንቷን የምታብጠለጥለው የሕዝቡን የዘፈን ባህል ተደግፋ ነው። ፈቃዱ ከአጋጣሚው ይመጣል። ልብ ወለድም አጋጣሚውን በገጹ ላይ መሥራት አለበት፤ ካልሠራ ፈቃድ የለውም።

ከማተሚያ ቤት በኩል ያለው ፈቃድ ሌላ ታሪክ አለው። ቅድመ ምርመራ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 እስኪቀር ድረስ የነውርና የፖለቲካ ቃል በአንድ መቀስ ይቆረጥ ነበር። ሆኖም መቀሱ ሁለቱን እኩል አያውቃቸውም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ለሽያጭ ቀረበ፤ ወዲያው ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ጠፋ። መጽሐፉን አደገኛ ያደረገው ነውር ቃል አልነበረም። በአንጻሩ «ሌቱም አይነጋልኝ» መንግሥት ሳይሰድብ ለማተሚያ ቤት አልበቃም። ነውር ቃልን ቆጥሮ የሚያልፍ መርማሪ እውነተኛውን ስድብ ሳያየው ያሳልፋል፤ ሲያየውም ጊዜው አልፏል።

ከቅድመ ምርመራ የተረፈ አንድ ልማድ አለ፦ ሦስቱ ነጥቦች። አርታዒዎች ነውር ቃልን በመጀመሪያ ፊደሉ ጽፈው በነጥብ ይሸፍኑታል። በላቲን ፊደል ይህ አሠራር አንድ ተነባቢ ብቻ ያስቀራል። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ የመጀመሪያው ፊደል ሙሉ ቀለም ነው። «ሸ...» የሚል የጠብ ምልልስ ያነበበ ሰው የቀረውን ይጨርሰዋል፤ ያውም በራሱ ድምፅ። ነጥቡ ቃሉን አልሸፈነውም፣ ተናጋሪውን ቀየረው፤ ገጸ ባሕርዩ ያልጨረሰውን ስድብ አንባቢው ተሳደበ። ጨዋነትን ለመጠበቅ የታሰበ ዘዴ ከሆነ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ደራሲው ቃሉን ከፈለገው ይጻፈው፤ ካልፈለገው አማርኛ አሽሙርን ሰጥቶታል።

8. ታሪክ የተሸከሙ ቃላት

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአንድ የቃላት ጎራ ላይ ሲደርስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ባሪያ»፣ «ፋቂ»፣ «ቡዳ» የመሳሰሉት ቃላት የሚመቱት አንድን ሰው ብቻ አይደለም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ቃሉ በስድብነት ቀጥሏል። በብረት ሥራ፣ በሸክላና በቆዳ የሚተዳደሩ ማኅበረሰቦች በሙያቸው ስም ተሰድበዋል፤ ቡዳ ተብለው ተፈርተዋል። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም በአገር ቤት ሳሉ ይጠሩበት የነበረውን «ፈላሻ» የሚለውን ስም የማይቀበሉት ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተነሣ ነው።

አንዳንድ ኀያሲ እነዚህ ቃላት ከልብ ወለድ ይውጡ ይላል። ስለ ድሮው ገጠር የሚተርክ ሰው ቃላቱን ካወጣ ታሪኩን ያጥባል፤ ተበዳዩ የተበደለበትን ያጣል። ሌላው ደግሞ «ዘመኑ እንዲያ ይናገር ነበር» ብሎ ሁሉን ይፈቅዳል። መፍትሔውን አሁንም ከሰዋስዉ የምናገኘው ይመስለኛል። ጥያቄው ቃሉ በማን መደብ ተነገረ የሚል ነው። ገጸ ባሕርይ ለገጸ ባሕርይ በጥሪ መልክ ሲወረውረው የበዳዩ ድርጊት ሆኖ ይመዘገባል። ተራኪው በራሱ ስም፣ ያለ «ይላል»፣ ሰውየውን ለመለየት ሲጠቀምበት ግን ቃሉ ስድብነቱ ቀርቶ መግለጫ ይሆናል፤ ሐተታው የሚካድበት በር ይዘጋል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ አብዛኛው ኀያሲም የማያየው ይህን ነው፤ ጠብ ስለሌለበት፣ ማንም ስላልጮኸ።

9. ማጠቃለያ

ነውር ቃልን በልብ ወለድ ውስጥ መመዘን ያለብን በሦስት ጥያቄዎች ነው። ቃሉ ከየትኛው ዓይነት ነው፤ ስድብ፣ እርግማን፣ ብልግና ወይስ አሽሙር? በምን አገባብ ተቀመጠ፤ በሚካድ፣ በማይካድ ወይስ በሦስተኛ መደብ? ባለቤቱ ማን ነው፤ ገጸ ባሕርዩ፣ ተራኪው ወይስ ነጥቡን ያነበበው አንባቢ? እነዚህን ሳይጠይቅ «ባለጌ» ወይም «ደፋር» የሚል ሒስ የተጻፈውን አላነበበም።

ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች የሚቀረው የቤት ሥራ ግልጽ ነው። የንግግር ስብስቦቻችን ውስጥ ጠብ ይግባ፤ ተናጋሪዎች ፈቅደው፣ ማንነታቸው ተጠብቆ፣ ግን ቃላቸው ሳይታጠብ። መዝገበ ቃላት ስንሠራ የስድብን ቃል ከትርጉሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአንቱታና ከአንተታ ጋር፣ ከጥሪና ከሐተታ ጋር እናስቀምጠው። ሰው ሲቆጣ የሚናገረው ቋንቋ ሲጸልይ ከሚናገረው ያነሰ ሰዋስው የለውም። ይህን ያልመዘገብን እንደሆነ፣ ነገ ስለ አማርኛ ቁጣ የሚጠይቅ ተማሪ ወደ ልብ ወለድ ይሄዳል፤ እዚያም ጉልበቱ የተጋጨ ሰው «የተረገመ!» ሲል ያገኘዋል።